ስሟን ደብቀን ላሟን ተውናት

ብራሰልስ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ አበዛሽ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ነርስ ስለሆንሽ ይህን ጥያቄ እንደ ሰላምታ ብቻ እንደማታልፊው አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ክብደቴ አልቀነሰም፣ ክትባቴንም ጨርሻለሁ። እመቤታችን ያንቺንም ዕድሜ ታርዝመው።

ይህን በቴሌግራም ብልከው በደቂቃ ይደርስሽ ነበር። ግን ባለፈው «ስልኬን ጎረቤቱ ሁሉ ያነሳዋል፣ ቁም ነገር ካለህ በወረቀት ጻፍ» ስላልሽኝ እነሆ በወረቀት። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ ይደርሳል። ሶሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ላይ ስለሆነች ተቀብላ ትሰጥሻለች። አሥረኛ ክፍል አብራኝ የነበረችው ሶሊ፣ በሳቋ ሁሌ ከክፍል የምትባረረው።

ቁም ነገሩ ይህ ነው። የማስተርስ ጽሑፌን ልጀምር ነው። ርዕሱ የወጣቶች የጤና ትምህርት ነው፣ ወጣቶች ስለ ሰውነታቸው ምን ለማወቅ እንደሚፈልጉና ማንን እንደሚጠይቁ። እዚህ ያሉ መጻሕፍት ስለ እኛ ልጆች ብዙ ይላሉ፤ ልጆቹ ራሳቸው ግን አንድ ቃል ሲናገሩ አይሰማም። ያኔ ተማሪዎች ስም ሳይጽፉ ጥያቄ የሚከቱበት ሳጥንሽ ትዝ አለኝ።

አባቴ አቦቦ፣ አልዌሮ ግድብ አጠገብ እያስተማረ እኔን ለትምህርት ወደ አንቺ ሲልከኝ የአክስትሽ ልጅ እንጂ ልጅሽ አልነበርኩም። አራት ዓመት ግን ያን ሳጥን ተሸክሜልሽ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። አሁንም አለ? ከውስጡ የሚወጡትን ጥያቄዎች ጥቂቱን ገልብጠሽ ብትልኪልኝ…

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ ልዑልቃል


ጋምቤላ፣ ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልዑሌ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። በልተህ የምታድር መሆንህን ከእጅ ጽሑፍህ አየሁ፣ መስመሩ አይንቀጠቀጥም። አምላክ ከሰው አገር ብርድ ይሰውርህ። እኛ ዘንድ ብርድ የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃለህ፤ ዛሬ የመድኃኒት ክፍሉ ቴርሞሜትር ሠላሳ ስምንት ይላል።

ሳጥኑ አለ። ያው የክትባት መያዣው ሰማያዊ ሳጥን ነው፤ ክዳኑ በተሰነጠቀ ጊዜ ከሚጣል ብዬ የወሰድኩት። ቀዳዳውን በቢላ ያሰፋኸው አንተ ነህ፣ ጠርዙ አሁንም አልተስተካከለም። ጽሑፉ ግን ሁለቴ ታድሷል፦ ይነበባል፣ ይመለሳል፣ ይቃጠላል።

ሥርዓቱም አልተለወጠም። ሐሙስ እከፍተዋለሁ፣ ወረቀቶቹን መልስ ላዘጋጅ ይዤ እሄዳለሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ መልሱን እናገራለሁ፤ ከዚያ ሁሉም እያዩ በባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አቃጥላቸዋለሁ። ልጆቹ መልሱን ከሚያዳምጡት ይበልጥ እሳቱን ነው የሚያዩት። አንዳንዱ የሚጽፈው ስለሚመለስለት ሳይሆን ስለሚቃጠልለት ይመስለኛል።

ስለዚህ አይሆንም። ገልብጬ ብልክልህ በሳጥኑ ላይ ያለው ሦስተኛው ቃል ውሸት ይሆናል።

አትቀየመኝ። ሌላ ጠይቀኝ።

አበዛሽ

የመንግሥት ሥራ ልማድ ሆኖብኝ የምጽፈውን ሁሉ ካርቦን ከሥሩ አደርጋለሁ። ለአንተ የምጽፈውም ግልባጩ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እንዳትስቅብኝ።


ብራሰልስ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

ገናን በሰላም ያድርስሽ። ሳቅሁብሽ። «ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት» ብለሽ ብትጨምሪበት ደግሞ እንዴት ባማረ!

እውነትሽን ነው፣ ቃል ቃል ነው። ግን አንድ ነገር አስቢልኝ። ወረቀቱ ይቃጠላል፤ የልጅ እጅ የነካው፣ ጽሑፉ የሚታወቀው ያ ነው። አንቺ በራስሽ እጅ ብትገለብጪው የማንም አይደለም። ስም ካለ ስሙን እለውጣለሁ። ዕድሜውን እለውጣለሁ። ትምህርት ቤቱን፣ ከተማውን፣ ክልሉን ሳይቀር አወጣለሁ። የሚያነቡት ሦስት ፈታኞች ናቸው፤ አንዳቸውም ጋምቤላ በካርታ ላይ የት እንደሆነች አያውቁም።

አንቺ ሃያ ዓመት ያዳመጥሽውን ነገር ሌላ ሰው ሳይሰማው ዓመት በዓመት ወደ አመድ ይቀየራል። ይህ አያሳዝንሽም?

ልዑልቃል


ጋምቤላ፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልዑሌ፣

የዘገየሁት ስላልወሰንኩ ነው።

«ያሳዝናል» ያልከው ቃል ሥራ ቦታም ቤትም ተከተለኝ። ረቡዕ ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ ወረቀት ነበር። አንዱን ገለበጥኩ። መገልበጥ ቀላል ነው፣ ቀላልነቱ አስፈራኝ፤ እጄ ምንም አላለችም። ከዚያ ሌላውን። አምስት ሳምንት እንዲህ ቆየሁና ሠላሳ አንድ ሆኑ። ከዚህ ጋር ታገኛቸዋለህ። በሰማያዊ ቢክ የጻፍኩት የልጆቹ ጥያቄ ነው፣ ሥር ሥሩ የእኔ መልስ።

እያነበብክ ትስቃለህ። «ኮንዶም ቤት ውስጥ ቢቀመጥ በሙቀት ይበላሻል ወይ? የኛ ቤት ቆርቆሮ ነው።» ይበላሻል፣ ብልህ ልጅ ነው። «የወር አበባ ያላት ልጅ ባሮ ውስጥ ከገባች አዞ ይጠራል ይላሉ።» አዞ የሚመጣው ለሁሉም እኩል ነው አልኩ፤ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። «ሲስተር፣ አንቺ ልጅ እያለሽ ማንን ጠየቅሽ?» ማንንም አልጠየቅኩም፤ ይህንኑ ነገርኳቸው።

ዘጠነኛውን ቀስ ብለህ አንብበው። እንዳለ ነው የገለበጥኩት፦

«ሲስተር፣ አንድ ሰው ለአባቴ ከብት ሰጠ። አባቴ አሥራ ሁለተኛ እስክትጨርስ ጠብቅ አለው። እሺ ብሏል፣ ግን ማታ ማታ ይመጣል። ከከብቶቹ አንዷ ጥቁር ናት። ግንባሯ ነጭ፣ የግራ ቀንዷ ወደ ዓይኗ ወርዷል። ጠዋት የማልባት እኔ ነኝ። እሷ ወደኛ ቤት፣ እኔ ወደነሱ ቤት፣ ተለዋወጥን። እሷ ግን ቀድማ መጣች። መርፌውን ብወጋ ሰውዬው ያውቃል ወይ? ካወቀስ ላሟን ይወስዳል ወይ? ላሟን እወዳታለሁ።»

ማን እንደሆነች አውቃለሁ። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አሥረኛ ክፍል ናት። ስሟን ለአንተም አልነግርህም።

መልሴ ከሥር አለልህ፦ የሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ከውጭ አይታይም፣ ማንም አይቶ አያውቀውም። የወር አበባ ሊያዛባ ይችላል። የቀጠሮ ካርዱን ቤት መውሰድ የማትችል እኛ ዘንድ ይቀመጥላታል። መርፌው ከበሽታ አይከላከልም። ሁለት ዓመት ለመጠበቅ የተስማማ ሰው ግን ሁለት ዓመት ይጠብቅ።

ከሦስቱ ፈታኞች ውጭ ማንም እንዳያየው። ከሁሉ በላይ ወደዚህ እንዳይመለስ። ስትጨርስ ገጾቹን መልስልኝ፣ እኔው አቃጥላቸዋለሁ።

አበዛሽ


ብራሰልስ፣ መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ አበዛሽ፣

ምን ብዬ ላመስግንሽ። ዘጠነኛውን ተርጉሜ ለአማካሪዬ ሳነብላት መነጽሯን አውልቃ መስኮት መስኮቱን አየች። በሃያ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር አላነበበችም። ልጅቷ መርፌውን ወሰደች? ሰውዬውስ? እንደዚህ ያለች ሌላ ካለች ጨምሪልኝ። አኃዝ እዚህ ሞልቷል፤ የጎደለው እንዲህ ያለ ሕይወት ነው።

አንድ ገጽ ቅጽ አያይዤአለሁ። ለፎርማሊቲ ነው፣ ጥያቄዎቹን የሰጠሽው አንቺ መሆንሽን ለዩኒቨርሲቲው የሚገልጽ። ከታች በቀኝ በኩል ፈርመሽ ላኪልኝ።

ፋሲካን በሰላም ያድርስሽ።

ልዑልቃል


ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልዑሌ፣

ፈርሜአለሁ። «ለትምህርታዊ አገልግሎት» የሚለው ሐረግ ጋ ሁለቴ ቆምኩ፤ ያንተ ትምህርት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሌላ ጥያቄ አልልክም። ስለ ልጅቷም አትጠይቀኝ።

ገጾቹን መቼ ትመልስልኛለህ?

አበዛሽ


ጋምቤላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልዑሌ፣

በሰኔ የጻፍኩልህ እንዳልደረሰህ ልገምት። ሶሊ ሰጥቻለሁ ትላለች፣ እሷ ደግሞ አትዋሽም።

ዝናቡ ከባድ ነው፣ ባሮ ሞልቷል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳጥኑ ቤቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ባዶውን ከፈትኩት። የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ጤና ከሆንክ «ጤና ነኝ» የሚል አንድ መስመር ይበቃኛል። ገጾቹንም አትርሳ።

አበዛሽ


ብራሰልስ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

እንኳን አደረሰሽ! አዲሱ ዓመት የጤናና የፍሬ ይሁንልሽ።

ዝም ያልኩት በሥራ ብዛት ነው። ጽሑፌ በከፍተኛ ውጤት አለፈ። አማካሪዬ ለወጣቶች ጤና ከሚሠራ ድርጅት ጋር አገናኝታኝ ሥራ ጀምሬአለሁ፤ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሆነ። ቅርብ ጊዜ አንድ የሚያስደስትሽ ነገር ይደርስሻል። አሁን አልነግርሽም።

ሶሊን ሳሚልኝ።

ልዑልቃል


ጋምቤላ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ልዑልቃል
ብራሰልስ

ጉዳዩ፦ ስድስት ካርቶን ስለመረከብ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው «ጥያቄ አለኝ» የተሰኘ የወጣቶች የጤና መጽሐፍ ስድስት ካርቶን በጥቅምት 26 ቀን ተረክቤ ፈርሜአለሁ። መፈረም ለምዶብኛል።

ሽፋኑ ላይ ሰማያዊ ሳጥን ተስሏል። ቀዳዳው ጠርዙ ያልተስተካከለ ነው። ሠዓሊው ይህን ከየት አወቀ? እርስዎ ነግረውታል። ከሁሉ ነገር መጀመሪያ የገባኝ እሱ ነው፤ ስለ ሳጥኑ ጠርዝ ቁጭ ብለው ለማያውቁት ሰው አስረድተዋል ማለት ነው።

ከዚያ ገለጥኩ። ሠላሳ አንዱም አሉ። መልሶቼም አሉ፣ «የባለሙያ መልስ» በሚል። ወደዚህ እንዳይመለስ ብዬ የላክሁት በአውሮፕላን ተመልሶ በእጄ ገባ።

ካርቶኖቹን መጋዘን አስገብቼ ከበሩ ኋላ ደረደርኳቸው። ለማንም አልሰጠሁም። እዚህ ብቻ የመጣ መስሎኝ ነበር።

የዛሬ ሳምንት ስቴፈን መጣ። አያውቁትም፣ እርስዎ ከሄዱ በኋላ የተቀጠረ ነው፤ ኑዌርኛ ያስተረጉምልኛል። መጽሐፉን ይዟል። ከኑዌር ዞን፣ ከማታር ነው ያመጣው።

«ሲስተር፣ ይቺን መጽሐፍ ማን ጻፋት?»

«አላውቅም» አልኩት። የመጀመሪያው ውሸቴ።

«የጻፋት ሰው ሞኝ ነው ወይስ ክፉ ነው?»

«ለምን?»

አሥራ አራተኛውን ገጽ ገለጠልኝ። «ተመልከቺ። ኛዳክን ሣራ አላት። እሺ። አሥራ ስምንቱን ሃያ አደረገ። እሺ። ጋምቤላን አንዲት ትንሽ ከተማ አለ። እሱም እሺ። ላሟን ለምን አልቀየረም?»

«ላም ላም ናት፣ ስቴፈን።»

ሳቀ። ደስ ብሎት አልነበረም። «ለእናንተ ላም ላም ናት። እናንተ ቅቤዋን ነው የምታውቁት። ጥቁር፣ ግንባሯ ነጭ፣ የግራ ቀንዷ ወደ ዓይኗ የወረደ፤ ሲስተር፣ ይሄ መታወቂያ ነው። ፎቶና ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ስሟን ደብቆ ላሟን የተወ ሰው ምን ደበቀ?»

ማታር በተደረገ የወጣቶች ስብሰባ ላይ አሠልጣኙ ያንን ጥያቄ ወደ ኑዌርኛ እየተረጎመ አነበበ። ገና ቀንዷ ጋ ሲደርስ ከኋላ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «ይቺ የያክ ላም ናት!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያክ ማለት ከብት የሰጠው ሰው ነው። ወንድሙ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የያክ ቤተሰብ የኛዳክ አባት ዘንድ መጡ። «ሁለት ዓመት የምታስጠብቀን ልጅህ መርፌ እንድትወጋ ነው ወይ?» አሉት። አባቷ ዱዎት ስለ መርፌው አያውቅም ነበር። ቃል ያስገባቸው ሁለት ዓመት በአንድ ቀን ከሰመ። ልጅቷን ወሰዷት። ማታር ናት። ከትምህርት ቤት ስሟ ተሰርዟል።

ሌላም አለ። መልሴን ስላተሙት ሁለት ባሎች ጤና ጣቢያ መጥተው «እናንተ ዘንድ የተቀመጠ የሚስቴ ካርድ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ካርዶቹን ከመሳቢያው አውጥቼ የት እንዳስቀመጥኳቸው እዚህ አልጽፍም። ለእርስዎ የሚጻፍ ነገር የት እንደሚወጣ አይታወቅም።

ልዑሌ፣ ምንድን ነው ያደረግነው?

ሲስተር አበዛሽ

ግልባጭ፦ ለራሴ


ብራሰልስ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አበዛሽ፣

«እርስዎ» ስትይኝ ደብዳቤው በስህተት ለሌላ ሰው የተጻፈ መሰለኝ።

አዝናለሁ። ከልቤ ነው። ግን እባክሽ ከእኔም ወገን ተመልከችው። ያልኩሽን ሁሉ ለውጬአለሁ፤ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቦታውን። ላም መታወቂያ መሆኗን እኔ እንዴት ላውቅ እችል ነበር? አንቺ እዚያው ሃያ ዓመት ኖረሽ አላወቅሽም። ከፈታኞቹ አንዷ የድርጅቱ ቦርድ ውስጥ ናት፤ «ይህ መደርደሪያ ላይ መቅረት የለበትም» አለች። ወዴት እንደሚሰራጭ የወሰንኩት እኔ አይደለሁም። ቅጹ ላይ «ለትምህርታዊ አገልግሎት» የሚል አለ፣ ፈርመሽበታል።

መጽሐፉን ስንት ወጣት እንደሚያነበው አስቢ። ማንን እንደሚጠይቁ የማያውቁ ስንት ልጆች አሉ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። አንድ ሰው ለድርጅቱ አቤቱታ ጽፏል፣ ምናልባት ያ ስቴፈን ነው። ልጅቷ ጥያቄዋ እንዲታተም ተስማምታ እንደነበር የሚገልጽ ሁለት መስመር ብትጽፊልኝ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ልጅቷንም አይጎዳትም፤ የሆነው ሆኗል። ለእኔ ግን ገና የያዝኩት ሥራ ነው።

በልጅነቴ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።

ልዑልቃል


ጋምቤላ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልዑልቃል፣

ሁለቱን መስመር ልጽፍልህ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ወረቀት አወጣሁ። ለመጻፍ ግን መጀመሪያ እሷን መጠየቅ ነበረብኝ።

ማታር ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ዱዎት ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ረጅም ሰው ነው፣ ሲያናግረኝ ወደ እኔ አላየም። «ላሟ ወለደች በያት» አለኝ።

መንገዱ አቧራ ነው። ክትባት ከሚያደርስ መኪና ጋር ነበርኩ፤ እግሬ ሥር አዲስ ሰማያዊ ሳጥን፣ ክዳኑ ደህና። መንገዱን ሙሉ እሱን ላለማየት ሞከርኩ።

ኛዳክን ወንዙ ዳር አገኘኋት። ልብስ ታጥባለች። የባሏ እናት ጥቂት ራቅ ብላ ተቀምጣ ታየናለች፤ አማርኛ አትሰማም፣ ግን ትሰማናለች።

«ሲስተር! እዚህ ምን አመጣሽ? አረጀሽ እኮ!» አለችኝ። እንደ ድሮዋ ልትቀልድ ፈልጋ ነው።

የአባቷን መልእክት ነገርኳት። እጇን ከውሃው አወጣች። «ሴት ነው ወንድ?» አላወቅኩም። አልጠየቅኩትም ነበር። «ማን ያልባታል?» እሱንም አላወቅኩም።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ። ቃል በቃል ነው፦

«ሲስተር፣ እኔ እኮ አይቻለሁ። ሐሙስ ነበር። ሁለተኛ መስመር ቆሜ ነበር። ወረቀቴን አውቀዋለሁ፣ ከሒሳብ ደብተር ነው፣ ጥጉ ላይ ቀይ መስመር አለው። ቀዩ እስኪጠቁር አይቻለሁ። ታዲያ ከየት መጣ? አመድ ይነበባል እንዴ?»

መኪናው ውስጥ ያዘጋጀሁት ነገር ነበር። ስለ ድርጅቱ፣ ስለ አንተ፣ ስለ ፊርማው። ሁሉንም ተውኩት።

«ከማቃጠሌ በፊት ገልብጬው ነበር» አልኳት።

«ለምን?»

«ስለሚያምር።»

«ስለሚያምር» አለች እሷም፤ እንደማታውቀው የአማርኛ ቃል ቀስ ብላ። «እኔ መልስ ነበር የፈለግኩት።»

ወደ ልብሷ ተመለሰች። ራሷን ሳታነሳ «ቀኔ አልፏል» አለች። የመርፌውን ቀጠሮ ነው። እዚያም ጤና ጣቢያ አለ፤ ግን የባሏ እናት ከጎኗ አትጠፋም፣ መጽሐፉንም ሁሉም ያውቀዋል። አምስት ሳምንት ሆኖታል። ማርገዟን አልጠየቅኳትም። ነርስ ሆኜ ያልጠየቅኩት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች እነዚህ ናቸው፦ አልተስማማችም። አልተጠየቀችም።

ለድርጅትህ አቤቱታ የጻፈው ስቴፈን አይደለም። እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ልነግርህ አስቤ የማላውቀውን ልንገርህ። አሥረኛ ክፍል እያለህ፣ ከሚያዝያ ወር በአንዱ ሐሙስ፣ ሳጥኑ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ጽሑፉን በግራ እጅ ለማስመሰል ተሞክሯል። እኔ ግን የቤት ሥራህን ማታ ማታ የማርምልህ ሰው ነበርኩ፤ ከሁለተኛው ቃል ላይ አወቅኩህ። በሚቀጥለው ሐሙስ መልሱን ስናገር ወደ አንተ አላየሁም። ወረቀቱን ከሁሉም መጀመሪያ አቃጠልኩት። ቤት ስንመለስ ሳጥኑን ተሸክመህ ታፏጭ ነበር።

ያን ሁሉ ዓመት ለማንም አልነገርኩም። ምን እንደነበርም እዚህ አልጽፈውም።

ያንተ ተቃጥሏል፣ ልዑልቃል። ግልባጭ የለውም።

ገጾቹን መልስልኝ።

አበዛሽ


ብራሰልስ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ታውቂ እንደነበር አላወቅኩም።



ገጾቹ እነሆ፣ ሁሉም። መጽሐፉ ሁለተኛ አይታተምም ብለውኛል። ይቅር በይኝ ማለት አሁን ጥያቄ ነው፤ የምትመልሽውን ደግሞ እፈራለሁ።

ልዑልቃል


ጋምቤላ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልዑልቃል፣

ፖስታው ደረሰኝ። ገጾቹን ቆጠርኳቸው፣ አልጎደሉም። እኔ የጻፍኩት በሰማያዊ ቢክ ነበር። የመጡት ግራጫ ናቸው።

ፎቶ ኮፒውን መላክህን ስታሽግ አውቀህ ይሁን ሳታውቅ፣ ልጠይቅህ ጀምሬ ተውኩት። ሁለቱም መልስ ያው ቦታ ያደርሰኛል። ዋናው እዚያ የሆነ መሳቢያ ውስጥ አለ።

እዚህ የሆነውን ልንገርህና ልጨርስ።

ከማታር እንደተመለስኩ ትምህርት ቤት ሄጄ ሰልፉ ፊት ቆምኩ። ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው፦ ከማቃጠሌ በፊት ገልብጬ ነበር፣ ሠላሳ አንዱንም፣ ለሰው ሰጠሁ። አንድ ልጅ ብቻ ሳቀ፤ የደነገጠ ሰው የሚስቀውን ሳቅ። ከእንግዲህ ወረቀቶቹን ቤት እንደማልወስድ፣ እዚያው ከፍቼ እዚያው መልሼ እዚያው እንደማቃጥል ነገርኳቸው። የማላውቀው ጥያቄ ከመጣ «አላውቅም» እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ሐሙስ ሳጥኑ ባዶ ነበር። እየከፈትኩ አሳየኋቸው፣ ዘጋሁ፣ ሄድኩ። ጥያቄዎቹ ግን የትም አልሄዱም። ሁለት ልጆች ጤና ጣቢያ የመጡት ከረፈደ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢሆን አንድ ወረቀት ይበቃቸው ነበር።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ወረቀት አገኘሁ። በአራት ታጥፏል። ገለጥኩት፣ ባዶ ነው። ገለበጥኩት፣ በዚያም በኩል ባዶ። ከፍ አድርጌ በሁለቱም በኩል አሳየሁና ቆርቆሮው ውስጥ ጨመርኩት። እሳቱን ሁሉም ቆመው አዩ።

ሲያልቅ ከኋላ አንዲት ልጅ «ሲስተር፣ እጅሽን አሳዪን!» አለች።

አሳየሁ።

«ቦርሳሽንስ?»

ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፣ ግን አልቀለዱም። ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ቴርሞሜትር፣ ቁልፍ፣ ማስቲካ፣ ለሶሊ ልሰጣት የያዝኩት ባዶ ፖስታ። ልጅቷ ከኋላ ድረስ መጥታ ፖስታውን ከፍታ ውስጡን አየች። ከዚያ መለሰችልኝ።

ግራጫዎቹን ገጾችም እዚያው አቃጠልኳቸው። ምንም እንደማይለውጥ አውቃለሁ። ዘጠነኛውን አንድ ጊዜ አነበብኩትና ጨመርኩት። ላሟ የወለደችው ሴት ነው። ዱዎትን ጠየቅኩት። የሚያልባት እሱ ራሱ ነው፤ ወንድ ማለቡ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው ይላሉ፣ ጎረቤት ይስቅበታል። ለሌላ ሰው ግን አልሰጥም ብሏል።

ብትጽፍልኝ እንደ ማንኛውም ወረቀት አየዋለሁ። አነበዋለሁ፣ አቃጥለዋለሁ። ሳጥኑ ላይ በመካከል የተጻፈውን ግን ለአንተ ቃል አልገባም።

አበዛሽ

ግልባጭ፦ የለም